ያልተዘጋው ዲስክ

ሂርማታ ገበያ ዳር፣ ከነጂብ ጠባብ ሱቅ፣
ሁለት የዲቪዲ መቅጃ ቆመዋል፤ አንዱ ከሰል የመሰለ፣ አንዱ ብርማ፣ የሚያብረቀርቅ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ይመጣል፤
ነጂብ እንደ በቅሎ ደላላ አፋቸውን እየከፈተ ጥርሳቸውን ያስቆጥረኛል።

«ይሄ» ይላል ጥቁሩን፣ «ሆድ አለው፣ የብረት ሆድ፤
መቶ ሰዓት ሙሉ ይውጣል፣ ከዜና እስከ ድራማ፣ ከሠርግ እስከ መውሊድ።
ማስታወቂያውን ቆርጠህ ትጥላለህ፤ የማትወደውን ፊት፣
የሚያስለውን ሰው፣ የሚንቀጠቀጠውን ካሜራ፣ ሁሉን ታጠፋለህ በአንድ ጣት።
ያኛው ግን የድሃ ነው፤ ዲስክ ካልሰጡት ጦም አዳሪ፤
የሰጡትን ይጽፋል እንጂ ማረም አያውቅም፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ።»

«የካሜራው ሽቦስ?» አልኩት።
«ፊቱ ላይ» አለ፣ ትንሿን ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ፤
ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ ብቅ አለ፣ አቧራ ውስጥ ከርሞ፣ ተደብቆ።

እናቴ አልጋ ስር አንድ ካርቶን ካሴት አለ፣
የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ በአባቴ እስክሪብቶ ስሙን የታደለ፤
«የሸምሲያ ኒካ»። «ጅሬን፣ ነፋስ ብቻ»።
«ቦዬ ሐይቅ፣ ጉማሬ አልታየም»። «ዝናብ፣ የእሁድ ማምሻ»።
አክስቴ ከጅዳ ባመጣችለት ካሜራ ሦስት ዓመት ቀረጸን፤
ከቴሌ ሥራው ሲመለስ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወደ ብርሃን ዙሩ» እያለ አሰለፈን።
እሱ ግን የለም። ካሴቱን ሁሉ ፈለግን፤
አንድ ቦታ አውራ ጣቱን፣ አንድ ቦታ ጥላውን፣ በቀረው ሁሉ ሳሉን አገኘን።

ካሜራው አሁን አርጅቷል፣ ካሴት ማኘክ ጀምሯል፤
ባለፈው የኒካውን መጨረሻ፣ ሙሽራዋን እስከ ወገቧ በልቷል።

ወንድሜ ሙዘይን ከቦንጋ ደውሎ «ሆድ ያለውን ግዛ» ይላል፤
የማይከፍል ሰው ሁልጊዜ ትልቁን ይመርጣል።
እናቴ የምትሻው ድራማዋን ነው፤ ዒሻ ስትሰግድ ያልፋታል፤
«ቆይቶ የሚጠብቀኝ ይሁን» ብላለች፤ ሌላው ምን ይገዳታል።

«መብራት ሲጠፋስ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው?» አልኩት ነጂብን።
ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ጠፋ።
ሁለቱም ዕቃዎች አረንጓዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።
እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።
በጨለማው ግን ያ «የሚያስለውን ሰው» ያለው ቃል ተመለሰብኝ፤
«ብርማውን ጠቅልልልኝ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝ።
ላስቲክ አልብሶ ሰጠኝ፤ እንዳይረጥብ አቅፌ፣
አወይቱን በባጃጅ ተሻገርኩ፣ ጃኬቴን ለሱ ገፍፌ።

የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።
ተቀምጠን አየን። ዒሻ ደረሰ፤ ድራማው አለፈ፤ ያስታወሰው የለም።
ጅሬን ላይ ነፋስ ነው፤ ሣሩ ይተኛል፣ ይነሳል፤
ከነፋሱ ወዲህ፣ ጆሯችን ስር፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ያስላል።
«ውሃ ስጡት» አለች እናቴ።
ከዚያ ዝም አለች።

በመጨረሻ ዕቃው ጠየቀ፦ ዲስኩ ይዘጋ?
ነጂብ ነግሮኛል፤ ካልተዘጋ ሌላ ቤት አይነበብም፣
ከተዘጋ ደግሞ ምንም አይጨመርበትም።
የሙዘይንን ዘጋሁት፤ ጠዋት በቦንጋ አውቶቡስ ይላካል።
ሁለተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ባዶ ቀርቶታል።
«አትዝጋው» አለች።
«ከዚህ ቤት ሌላ አይታይም እኮ።»
«የት ሊሄድ?»

እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ስም ማውጣት የሱ ሥራ ነበር።
ፊደሌን እንደሱ ፊደል ወደ ቀኝ አጋድሜ፣ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፦
«ኒካ። ነፋስ። አባዬ አልታየም።»